«ሁለት» የተባለው አልበምና ሁለት ጎራ የቆሙት አድማጮች፦ የአስዋድ ሥራዎች በአድናቂዎቻቸው ሚዛን

መግቢያ

በ1979 በለንደን ከታተሙት የሬጌ ሸክላዎች መካከል አንዱ በሽፋኑ ላይ የያዘው ርእስ «ሁለት» የሚል ነበር። በላቲን ፊደል ይጻፍ እንጂ ቃሉ የአማርኛው ሁለት ነው፤ ርእሱ የተሰጠውም አልበሙ የባንዱ ሁለተኛ ሥራ በመሆኑ ነው። ባንዱ አስዋድ ይባላል። ይህም ስም ከዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን ፍችው «ጥቁር» ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ርእሱ ከተራ ቁጥር የማያልፍ በመሆኑ ፈገግ ሊያሰኝ ይችላል። በራስ ተፈሪያን እምነት ዙሪያ ለነበሩት የምዕራብ ለንደን ወጣቶች ግን አማርኛ የንጉሠ ነገሥቱ ቋንቋ ነበርና ቁጥሩ እንኳ ክብር ነበረው። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1969፣ አቢሲኒያንስ የተባለው የጃማይካ ቡድን «ሰጠ ምስጋና» ከሚለው ሐረግ የዘፈን ርእስ ማውጣቱ ይታወሳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው አስዋድ ከ1976 እስከ 1994 ባወጣቸው ዋና ዋና አልበሞች ላይ አድናቂዎቹ የያዙትን አቋምና የአቋሙን መሠረት ነው። ባንዱ በብሪታኒያ ስም ያለው ቢሆንም ከዚያ ውጭ የቦብ ማርሊን ወይም የዩቢ ፎርቲን ያህል አይታወቅም። በአድናቂዎቹ ዘንድ ከሁሉ አዘውትሮ የሚሰማው አስተያየት «አስዋድ ሁለት ባንድ ነው» የሚል ነው። የመጀመሪያው የጭቆናና የአፍሪካ ናፍቆት ዘማሪ፣ ሁለተኛው የሬዲዮ ተወዳጅ ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ድንበርም 1988 ነው ይባላል። የሙዚቃ ሶሺዮሎጂ ተመራማሪው ሳይመን ፍሪዝ በ1996 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስገነዘበው፣ ስለ ሕዝባዊ ሙዚቃ የሚደረግ ጭውውት በአብዛኛው ስለ ዋጋ የሚደረግ ክርክር ነው፤ «ይህ ጥሩ ነው፣ ያ መጥፎ ነው» የሚል ሰው ስለ ድምፁ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሱ ማንነትም ይናገራል። የአስዋድ አድማጮች ክርክርም ከዚህ አንጻር ሲታይ፣ ድንበሩ ከተሰመረበት ቦታ ላይ እንደማይገኝ መረዳት ይቻላል።

ላድብሮክ ግሮቭ

አስዋድ በ1975 የተመሠረተው በምዕራብ ለንደን፣ ላድብሮክ ግሮቭ በተባለው ሰፈር ነው። ድምፃዊና ጊታር ተጫዋቹ ብሪንስሊ ፎርድ፣ ድራሚ ዜብ በሚል የመድረክ ስም የሚታወቀው የድራም ተጫዋች አንገስ ጌይ እንዲሁም ባስ ጊታር ተጫዋቹ ጆርጅ ኦባን ከመሥራቾቹ መካከል ናቸው። ፎርድ በልጅነቱ በቴሌቪዥን የሕፃናት ተከታታይ ድራማ ላይ ይተውን ነበር። ወጣቶቹ ከካሪቢያን አገሮች የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ሲሆኑ፣ ሰፈሩና አጎራባቹ ኖቲንግ ሂል በ1958 ነጮች በጥቁር ነዋሪዎች ላይ ባስነሱት ሁከት የሚታወቁ ናቸው። በነሐሴ 1976 የኖቲንግ ሂል ካርኒቫል በወጣቶችና በፖሊስ ግጭት ተጠናቀቀ። በ1824 የወጣውን የባዘኔዎች ሕግ መሠረት በማድረግ ፖሊስ ማንንም መንገደኛ «ትጠረጠራለህ» ብሎ ይይዝ ነበር፤ አሠራሩ እስከተሻረበት 1981 ድረስም በተለይ ጥቁር ወጣቶችን አስመርሯል።

ባንዱ ቦብ ማርሊን ለዓለም ካስተዋወቀው አይላንድ ከተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ተዋዋለ፤ በ1976ም በራሱ ስም የተሰየመውን የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። በአልበሙ ውስጥ «ባክ ቱ አፍሪካ» ማለትም «ወደ አፍሪካ እንመለስ»፣ «ኮንክሪት ስሌቭሺፕ» ማለትም «የኮንክሪት የባሪያ መርከብ» እንዲሁም «ኢትዮፒያን ራፕሶዲ» የተሰኙ ሥራዎች ይገኛሉ። ሦስቱን ርእሶች ጎን ለጎን ላነበበ ሰው የዘመኑ ስሜት ግልጽ ነው፤ ለንደን የኮንክሪት መርከብ፣ አፍሪካ መውጫው፣ ኢትዮጵያ ደግሞ የመውጫው ስም ነበረች። ኢትዮጵያ እዚህ ላይ ከመልክዓ ምድር ይልቅ ተስፋን እንደምትወክል ልብ ይሏል። በዚያ ወቅት እውነተኛይቱ ኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥቷን ካወረደው አብዮት ሁለት ዓመት ብቻ ርቃ ነበር። የለንደኑ ናፍቆትና የአዲስ አበባው እውነታ ይህን ያህል ተራርቀው ነበር።

የቀደሙት ወገኖች ክርክር

የመጀመሪያዎቹን ሁለት አልበሞች ከሁሉ የሚያስበልጡ አድማጮች ማስረጃቸው ብዙ ነው። «ሁለት» የተባለው አልበም «ኖት ጊልቲ» («ጥፋተኛ አይደለሁም») እና «ካንት ዎክ ዘ ስትሪትስ» («በጎዳና መሄድ አልተቻለም») የተሰኙ ዜማዎችን ይዟል። ዜማዎቹ በ1979 ሲደመጡ የጎዳናው የፖሊስ ፍተሻ ማለዳ የታየ፣ ማታ ደግሞ የሚጠበቅ ነገር ነበር። ጃማይካዊው በርኒንግ ስፒር በ1977 በለንደን ሬይንቦ ቲያትር ባቀረበው ዝግጅት ያጀቡት የአስዋድ አባላት መሆናቸውም በዚህ ወገን እንደ ምስክር ወረቀት ይቆጠራል፤ የኪንግስተን ታላላቆች ያመኗቸው ወጣቶች ነበሩና። በ1980 ደግሞ ፍራንኮ ሮሶ በመራው «ባቢሎን» ፊልም ፎርድ ብሉ የተባለውን ዋና ገጸ ባሕርይ ተጫወተ። በመጨረሻው ትዕይንት ፖሊስ በሩን እየሰበረ ሳለ የሚሰማው «ወሪየር ቻርጅ» የተሰኘው የባንዱ ሥራ ነው። ይህን ዜማ በዚያ ትዕይንት የሰማ አድማጭ በኋላ የመጡትን ሁሉ በእሱ መመዘኑ አያስገርምም።

ነገር ግን የዚህ ወገን ክርክር ሲጠበብ አንድ ችግር ይገጥመዋል። የንጽሕና መለኪያ ተደርጎ የሚቀርበው «ሁለት» ራሱ ንጹሕ አልነበረም። በአልበሙ ላይ የጃዝ ጠባይ ጎልቶ ይሰማል፤ የኦባን ባስ ጊታር በጃማይካ የተለመደውን አጭርና ተደጋጋሚ መስመር ብቻ አይከተልም፣ ወዲያና ወዲህ ይንሸራሸራል። ከጃማይካ በሚመጡ ሸክላዎች ላደገ ጆሮ ይህ «የለንደን ድምፅ» ነበር፤ «እውነተኛው ሬጌ ከኪንግስተን ነው» የሚለው ወቀሳም በዚያን ጊዜ በብሪታኒያ ባንዶች ሁሉ ላይ ይሰነዘር ነበር። እንግዲህ ዛሬ ምንጭ የሚባለው አልበም በወጣበት ዘመን በሌላ ሚዛን ቅይጥ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ኦባን ባንዱን ተለየ፤ ባስ ጊታሩንም ቶኒ ጋድ ያዘ። ለባንዱ ድምፅ እውነተኛ ስብራት ከተፈለገ ከ1988 ይልቅ ይህ ለውጥ የተሻለ እጩ ይመስላል።

ከ1981 እስከ 1982፦ የዝምተኞቹ ወገን

በ1981 ባንዱ ወደ ሲቢኤስ ኩባንያ ተሻግሮ «ኒው ቻፕተር» («አዲስ ምዕራፍ») የተባለውን አልበም አወጣ። ርእሱ እንደሚለው የድምፁ ቅርጽ ተለውጧል። የትንፋሽ መሣሪያዎች ጎልተው መጡ፤ ከተጫዋቾቹም አንዱ ትሩምፔት ነፊው ኤዲ ቶርንተን ነበር፤ ይህ ሰው በ1960ዎቹ በቢትልስ ቅጂ ላይ ጭምር የተሳተፈ ነባር ባለሙያ ነው። በአልበሙ ውስጥ በሕንፃ ብሎኮች መካከል ስለሚያድጉ ልጆች የሚናገረው «አፍሪካን ቺልድረን» እና «አይ ዊል ኪፕ ኦን ላቪንግ ዩ» የተሰኘው ጥርት ያለ የፍቅር ዜማ በአንድ ሸክላ ላይ ተቀምጠዋል። በሚቀጥለው ዓመት «ኖት ሳቲስፋይድ» («አልረካሁም») ተከተለ። የፍቅር ዘፈን ወደ አስዋድ የገባው በ1988 በኩባንያ ግፊት ነው የሚለው አባባል በዚህ ይፈርሳል። ፍቅሩም ተቃውሞውም ከሰባት ዓመት በፊት አብረው ነበሩ።

በዚሁ 1982 «ኤ ኒው ቻፕተር ኦቭ ደብ» የተባለው አልበም ወጣ። ደብ ማለት አስቀድሞ የተቀዳን ዘፈን ወስዶ የድምፃዊውን ክፍል በአብዛኛው በማውጣት፣ ባሱንና ድራሙን ወደ ፊት በማምጣት፣ የቀረውንም በማስተጋቢያ መሣሪያ እየሰባበሩ እንደ አዲስ ማቀናበር ነው። የደብ ወዳጆች በአድናቂዎቹ ክርክር ውስጥ ብዙም ድምፃቸው የማይሰማ ሦስተኛ ወገን ናቸው። ለእነሱ «ምን ተባለ?» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ነው፤ ዋናው «ባሱ በትልቅ ድምፅ ማጉያ ደረት ላይ እንዴት ያርፋል?» የሚለው ነው። ይህን አልበም በብሪታኒያ ከተሠሩት የደብ ሥራዎች ከላይኛው ረድፍ ያሰልፉታል፤ መነሻ ከሆነው የድምፃዊ አልበም አስበልጠው የሚይዙትም አሉ። «ላቭ ፋየር» የተሰኘው ዜማ እዚህ «ደብ ፋየር» ሆኖ ቀርቧል፤ የዚሁ ዜማ ሙዚቃም ለጃማይካዊው ዴኒስ ብራውን «ፕሮሚስድ ላንድ» መሠረት ሆኗል። ከኪንግስተን ወደ ለንደን ብቻ ይፈስሳል ይባል የነበረው ወንዝ ለአንድ ጊዜም ቢሆን ወደ ኋላ ፈሰሰ። «የለንደን ሬጌ ቅጂ ነው» ለሚለው ወቀሳ ከዚህ የተሻለ መልስ ማግኘት ያስቸግራል።

የደብ አድማጮች አቋም ሊገባ የሚችለው ሳውንድ ሲስተም የተባለውን ተቋም በመገንዘብ ነው። ይህም በቤት ድግስ፣ በአዳራሽ ወይም በካርኒቫል ጎዳና ላይ የሚቆም፣ በእጅ የተሠሩ ግዙፍ የድምፅ ማጉያ ሣጥኖች፣ ሸክላ አጫዋችና በማይክሮፎን የሚያዜም ሰው ያሉት ተንቀሳቃሽ የሙዚቃ ማዕከል ነው። ፖል ጊልሮይ በ1987 በታተመው መጽሐፉ ሳውንድ ሲስተም በብሪታኒያ የጥቁሮች ባህል ውስጥ ያለውን ቦታ በሰፊው ተንትኗል። በሬዲዮ እምብዛም የማይሰማ ሙዚቃ የሚመዘነው በዚህ ሥፍራ ነበር። ስለዚህ አንድ አልበም «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» ሲባል የት ተሰምቶ የሚለው አብሮ መጠየቅ ይኖርበታል።

1988

«ዲስታንት ተንደር» የተባለው አልበም በ1988 ወጣ። በዚያው ዓመት መጋቢት «ዶንት ተርን አራውንድ» የተሰኘው ነጠላ ዜማ በብሪታኒያ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ለሁለት ሳምንት አንደኛ ሆነ። ዜማው የባንዱ ድርሰት አይደለም፤ ደራሲዎቹ ዳያን ዋረን እና አልበርት ሃሞንድ ሲሆኑ፣ ከዚያ በፊት በ1986 ቲና ተርነር በአንድ ነጠላ ዜማዋ ጀርባ ላይ አስቀርጻው ነበር። የቀደሙት ወገኖች ቁጣ ከዚህ ይነሣል፤ «ወሪየር ቻርጅ»ን የሠራ ባንድ በፖፕ ደራሲዎች ዜማ መታወቁ ክህደት ሆኖ ታያቸው።

በዚህ ቁጣ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ወቀሳዎች ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ መለየትም አለባቸው። አንደኛው ስለ ድምፅ ነው። ይህ ወቀሳ በአመዛኙ ትክክል ነው ማለት ይቻላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የነበረው የስቱዲዮ አሠራር የድራሙን ድምፅ ያደረቀውና ያሾለው ሲሆን፣ ቀድሞ ዜማውን በጀርባው ይሸከም የነበረው ባስ ወደ ኋላ አፈግፍጎ በቁልፍ መሣሪያዎች ተሸፍኗል። አልበሙን ከ«ኒው ቻፕተር» ቀጥሎ ያደመጠ ሰው ልዩነቱን ያለ አስረጂ ይሰማል። ሁለተኛው ወቀሳ ግን ስለ ታማኝነት ነው፤ ይህኛው ደካማ ነው። የሌላ ሰው ዜማ ወስዶ በሬጌ ማቅረብ የዘውጉ የቆየ ልማድ ነው። አስዋድ ራሱ በ1984 «ሬብል ሶልስ» በተባለው አልበሙ የቱትስ ሂበርትንና የማርቪን ጌይን ዜማዎች ሲጫወት ክህደት ተብሎ አልተቆጠረም። ዩቢ ፎርቲም በ1983 «ሬድ ሬድ ዋይን» የተሰኘውን የኒል ዳይመንድ ዜማ በሬጌ ተጫውቶ የሽያጩ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ያስቆጣው መውሰዱ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ አድማጩ መለወጡም አለበት። ቀድሞ ሙዚቃውን ሰፈሩ ብቻ ያውቀው ነበር፤ አሁን በሱፐርማርኬት ሬዲዮ ይሰማል። ፒየር ቡርዲዩ ስለ ምርጫና ስለ ማኅበራዊ ልዩነት ያቀረበው ትንታኔ ይህን ለመረዳት ይጠቅማል፤ ብዙዎች የያዙት ነገር ለቀደመው ባለቤት መለያ መሆኑ ይቀራል።

ይሁን እንጂ የቡርዲዩ ትንታኔ እዚህ በሙሉ አይሠራም። የአስዋድ የቀድሞ አድማጮች ልዩ መስለው ለመታየት የሚሹ ባለጸጎች አልነበሩም። ያጡት ነገር ጌጥ ሳይሆን መጠጊያ ነበር። በመንገድ ላይ ያለ ምክንያት የሚያዝ ወጣት «ይህ የእኔ ነው» የሚለው ዜማ፣ ያንኑ ፖሊስ በወለደው ኅብረተሰብ ሳሎን ውስጥ ሲዘፈን መሰማቱ ቀላል ነገር አይደለም። የወቀሳቸው አገላለጽ ቢሳሳትም ሕመሙ የተፈጠረ አይደለም።

የፍቅር ዜማና ያልተቆጠሩት አድማጮች

በዚህ ክርክር ውስጥ የሚጎድል ሌላ ድምፅ አለ። በ1970ዎቹ አጋማሽ በለንደን «ላቨርስ ሮክ» የተባለ የሬጌ ስልት ተወለደ፤ በ1975 ሉዊዛ ማርክ ያወጣችው ነጠላ ዜማ እንደ መነሻው ይጠቀሳል፤ በ1979 ደግሞ ጃኔት ኬይ «ሲሊ ጌምስ» በተባለው ዜማዋ በብሪታኒያ ሁለተኛ ደረጃ ደርሳለች። ስልቱ ለስለስ ያለ፣ የፍቅር፣ ለጥንድ ጭፈራ የሚመች ሲሆን ድምፃውያኑም ሸማቾቹም በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ነበሩ። ትውልደ ባርቤዶሱ የፊልም ባለሙያ ሚኒልክ ሻባዝ (ስሙን ከየት እንዳመጣው ለአንባቢ ማስረዳት አያሻም) በ2011 ስለዚህ ስልት ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል።

የአስዋድን አልበሞች «ጠንካራ» እና «ለስላሳ» ብሎ የሚከፍል አድማጭ ይህን ታሪክ ሳያስተውል ይዘለዋል። ጠንካራው የወንዶች የጎዳና ሙዚቃ፣ ለስላሳው የሴት ልጆች የመኝታ ቤት ሬዲዮ ሆኖ ይሣላል፤ ከዚያም የመጀመሪያው «እውነት»፣ ሁለተኛው «ንግድ» ይባላል። ነገር ግን ከአድካሚ የሥራ ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ማታ በጠባብ ሳሎን ውስጥ የፍቅር ዜማ የምታደምጥ የለንደን ጥቁር ወጣት ከጎዳናው እውነታ ውጭ አልነበረችም። ፖሊስ የሚይዘው ወንድሟን ነበር። ለእሷ «አይ ዊል ኪፕ ኦን ላቪንግ ዩ» እና «አፍሪካን ቺልድረን» የአንድ ሸክላ ሁለት ገጽታዎች እንጂ የሁለት ባንዶች ሥራ አይደሉም። የአድናቂዎች ደረጃ አሰጣጥ በአብዛኛው በወንድ ሸክላ ሰብሳቢዎች እጅ መቆየቱ ይህን ሚዛን እንዳዛባው መገመት ይቻላል።

ሁሉም የሚስማሙበት ሸክላ

ሦስቱን ወገኖች የሚያገናኝ አንድ ሥራ ቢኖር በ1983 የወጣው «ላይቭ ኤንድ ዳይሬክት» ነው። የተቀዳው በዚያው ዓመት በኖቲንግ ሂል ካርኒቫል ሜዳ ላይ፣ ባንዱ በተወለደበት አካባቢ ነው። የ1979ው «ኖት ጊልቲ» ከ1982ው «ኖት ሳቲስፋይድ» ጋር ተጣምሮ ይቀርባል፤ «ላቭ ፋየር» ከነፍቅሩ ይከተላል፤ «ሶካ ሩምባ» ደግሞ ከሬጌ ወጥቶ ወደ ትሪኒዳድ የካርኒቫል ምት ይሻገራል። ባንዱ በመድረክ ላይ እንደ ሳውንድ ሲስተም ይጫወታል፦ ዜማውን በድንገት ያቆማል፣ ሕዝቡ ሲጮህ እንደገና ከመነሻው ይጀምራል፣ ባስና ድራሙን ብቻ አስቀርቶ ደብን በእጅ ይሠራል። የመልእክቱ ወዳጅ መልእክቱን፣ የባሱ ወዳጅ ባሱን፣ የፍቅር ዜማ ወዳጅም የራሱን ድርሻ ያገኛል።

ስምምነቱ ግን ከዜማዎቹ ዝርዝር ብቻ የመጣ አይመስልም። በዚህ ሸክላ ላይ ሕዝቡ ራሱ ተቀድቷል። የሚሰማው ጩኸትና ፉጨት የላድብሮክ ግሮቭ ነው፤ «ይህን ሙዚቃ የሚሰማው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ እዚህ መልሱ በቅጂው ውስጥ አለ። ከሰባት ዓመት በፊት በግጭት በተጠናቀቀው በዚያው ካርኒቫል ላይ መቀዳቱም ለአካባቢው ሰው ተጨማሪ ትርጉም ነበረው። «ዲስታንት ተንደር» የጎደለው ይህ ነበር፤ በስቱዲዮው ጥራት ውስጥ አድማጩ አይሰማም።

በ1986 ባንዱ ሲምባ በተባለው የራሱ ማተሚያ ያወጣው «ቱ ዘ ቶፕ» በብዙ የቀድሞ አድማጮች ዘንድ እንደ መጨረሻው ጠንካራ አልበም ይታያል። በ1990 የወጣው «ቱ ዊክድ» እና በ1994 የወጣው «ራይዝ ኤንድ ሻይን» ግን ክርክር እንኳ እምብዛም አላስነሡም። «ሻይን» የተሰኘው ነጠላ ዜማ በብሪታኒያ አምስተኛ ደረጃ ቢደርስም የቀደሙት ወገኖች ያን ጊዜ መቆጣታቸውን ትተው ነበር። ፎርድ በ1996 ባንዱን ተሰናበተ። ድራሚ ዜብና ቶኒ ጋድ ስሙን ይዘው ቀጠሉ፤ ድራሚ ዜብም በ2022 ዐረፈ።